12 ሴት ሠልጣኞች፣ አንድ መልቲሜትር፦ የሶላር ሥልጠናውን እንዴት እንያዘው?

የወረዳው አሠልጣኝ
ሰላም ለዚህ ቤት። ዋናው መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ለ12 ወጣት ሴቶች የሶላር ተከላና ጥገና ሥልጠና ልንጀምር ነው። አብዛኞቹ ከ8ኛ ክፍል አላለፉም፣ አራቱ ልጅ ያጠባሉ። ያለን ሁለት ባለ 100 ዋት ፓኔል፣ አንድ ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር) እና አንድ መልቲሜትር (የቮልቴጅና የአምፒር መለኪያ) ነው። ሒሳቡ እንዳያስደነግጣቸው፣ ሲጨርሱም የምስክር ወረቀት ታቅፈው እንዳይቀመጡ ምን ይሻላል?

ቆርቆሮ ላይ
መጀመሪያ መልቲሜትሩን አራት አድርሱት፣ ለሦስት ሰው አንድ። አንድ ብቻ ከሆነ ደፈር ያለችው ትይዘዋለች፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው አይተው ይሄዳሉ።

ቀጥሎ የፓኔል ኮኔክተር (የገመድ ማያያዣ) ፒን መጨፍለቂያ ግዙ። በተራ ፒንሳ የተጨፈለቀ ፒን ገመዱን አጥብቆ አይዝም፤ የላላው ቦታ ይግልና ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ጥፋቱ በዕለቱ አይታይም፣ ከወራት በኋላ ነው «ሶላሩ ሞተ» የሚባለው። እያንዳንዷ ቢያንስ 10 ፒን ትሥራ፦ የገመዱን ልባስ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ልጣ፣ አንድም ክር ሳይበጠስ አስገብታ፣ ጨፍልቃ፣ በእጇ ጠንከር አድርጋ ትጎትት። ተነቅሎ ከመጣ እንደገና።

የማገናኛውን ተራ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፦ ባትሪ፣ ፓኔል፣ መብራት። ሲፈታ በግልባጩ። ብዙ ኮንትሮለሮች ሲስተሙ 12 ይሁን 24 ቮልት የሚለዩት ከባትሪው ነው፤ ፓኔሉ ቀድሞ ከገባ ይሳሳታሉ፣ ሊቃጠሉም ይችላሉ። ፊውዙ ደግሞ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፣ ግድግዳው ማዶ አይደለም።

ስሌት ወዳድ
ሒሳብ የሚያስፈራው በፎርሙላ ሲጀመር ነው። ከየቤታቸው ጀምሩ። ባለ 5 ዋት አምፖል ሦስት፣ ለ5 ሰዓት ሲበራ 75 ዋት-ሰዓት። ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 80። ስልክ 15። ድምሩ 170፣ ለ12 ቮልት ሲካፈል 14 አምፒር-ሰዓት (የባትሪ መጠን መለኪያ) ገደማ። ለደመና ብላችሁ የሁለት ቀን ያዙ፤ ሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት ያንንም እጥፍ አድርጉት። 57 አምፒር-ሰዓት ይመጣል፣ ከዚያ ከፍ ያለውን ግዙ። ለፓኔሉ የክረምቱን 4 የጥሩ ፀሐይ ሰዓት፣ ብክነቱን 30 በመቶ አስቡ፦ 170 ለ2.8፣ 61 ዋት። 80 ዋት ይበቃል።

ህንድ ራጃስታን፣ ቲሎኒያ ያለው ቤርፉት ኮሌጅ ማንበብ የማይችሉ አያቶችን በቀለምና በእጅ ምልክት እያስተማረ በ6 ወር የሶላር ባለሙያ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ከ8ኛ ክፍል አለማለፋቸው ሊያሳስባችሁ አይገባም።

የወረዳው አሠልጣኝ
እናመሰግናለን። በመጋዘን ያለው ገመድ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ነው፣ ከጣሪያ እስከ ባትሪ 10 ሜትር። ይሆናል?

ስሌት ወዳድ
ለ100 ዋቱ አይሆንም። ደርሶ መልስ 20 ሜትር ነው፤ በ5.5 አምፒር 1.3 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ፓኔሉ 18 ቮልት ቢባልም በቀትር ሲግል ወደ 15.3 ይወርዳል። ቀሪው 14 ስለሆነ ባትሪው ለመሙላት የሚፈልገው 14.4 ቮልት አይደርስም፤ ሁሌ ጎደሎ ሆኖ የውስጥ ሳህኖቹ ይበላሻሉ። በ4 ካሬ የሚጠፋው 0.5 ቮልት ብቻ ነው። 1.5ቱን ለአምፖሎቹ አውሉት።

ምዘና ክፍል
ስለ ሥራው። ሥልጠናውን በግማሽ ቀን፣ የገበያ ቀንን እየዘለላችሁ ያዙት። ለሕፃናቱ ከወርክሾፑ አጠገብ ክፍልና ተንከባካቢ ይኑር፣ አለዚያ አራቱ እናቶች በሁለተኛው ሳምንት አይመጡም። ጣሪያ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይውጡ፦ አንዷ መሰላል ትይዛለች፣ በማግስቱ ይለዋወጣሉ። እዚህ ላይ ልቅ አትሁኑ፤ «እኔ ልውጣልሽ» የሚል ወንድ ረዳት ካለ ሴቶቹ ምዘና ላይ መሰላሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩታል።

የብቃት ምዘናው ጽሑፍም ተግባርም ስላለው ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ ፈተና) ከመቀመጣቸው በፊት አንድ ሙሉ ተከላ ብቻቸውን ይጨርሱ። በጀቱ ላይ ደግሞ መልቲሜትር፣ መጨፍለቂያ፣ ካቻቪቴና ፒንሳ ያለበት ቦርሳ ለየጥንዱ አስገቡ። ከጤና ኬላና ከትምህርት ቤቶች ጋር የሦስት ወር ዙር ጥገና ውል አሁኑኑ ተነጋገሩ፦ ፓኔል መጥረግ፣ የባትሪ ጫፍ ማጽዳትና ማጥበቅ፣ ለባትሪ የሚሆን የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ መሙላት (የቧንቧ ውሃ በፍጹም አይሆንም)፣ ቮልቴጅ መዝግቦ መፈረም። ውሉ በጥንዶቹ ስም ይጻፍ፤ በአሠልጣኙ ስም ከተጻፈ ክፍያው እሱ ጋ ነው የሚቀረው።