ዶኪንግ ላይ ሩቲን ከፓይሪሜታሚን በለጠ፣ ለወባ ይሰራል ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

ሊጋንድ21፦
ሰላም ናችሁ፣ የማስተርስ ቴሲሴ የጤና አዳም ውህዶችን የወባ ተህዋሲ ለመራባት የሚያስፈልገው ዲኤችኤፍአር ኢንዛይም ላይ ዶክ ማድረግ ነው፣ ማለትም እንዴት እንደሚገጥሙ በኮምፒውተር መገመት። በአውቶዶክ ቪና ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ራን ሳደርገው ከጤና አዳም ውህዶች አንዱ የሆነው ሩቲን -9.8 ሰጠኝ፣ ነባሩ የወባ መድኃኒት ፓይሪሜታሚን ግን -8.1 ብቻ (ስኮሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር የጠበቀ መያያዝ ይተነብያል)። ከነባሩ መድኃኒት ይሻላል ብለህ ጻፍ እየተባልኩ ነው ግን ልቤ አልሞላም፣ ምን ትላላችሁ?

ፋርማኮ፦
በናትህ እንደዛ ብለህ እንዳትጽፍ። ትልቅ ሞለኪዩል ፕሮቲኑን ብዙ ቦታ ስለሚነካ ስኮሩ አብሮ ያድጋል። ሃይድሮጅንን ሳትቆጥር ሩቲን 43 አተም አለው ፓይሪሜታሚን 17፣ ስኮሩን ለአተሙ አካፍለው እስቲ፣ 0.23 እና 0.48 ገደማ ነው የሚመጣልህ፣ በአተም ሲሰላ ትንሹ ነው በእጥፍ የበለጠው። በዛ ላይ የሩቲን የሞለኪዩል ክብደት 610 ነው፣ የመድኃኒት ኬሚስቱ ሊፒንስኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው መመሪያ በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት ከ500 ባይበልጥ ይላል፣ ሲዋጥ ደግሞ የአንጀት ባክቴሪያ ላዩ ላይ ያለውን ስኳር ቆርጦ ኬርሴቲን የሚባል ሌላ ውህድ ያደርገዋል። ፕሮቲኑን እንዴት አዘጋጀኸው?

ሊጋንድ21፦
ከፕሮቲን ስትራክቸር ዳታቤዙ ፒዲቢ 1ጄ3አይ የሚባለውን የኢንዛይሙን ፋይል አውርጄ፣ ቱቶሪያሉ እንደሚለው ውሃውንም ሌላውንም አጥፍቼ ፕሮቲኑን ብቻ አስቀረሁ።

ማሂ_ኬም፦
እሱ ጋ ነው ችግሩ ወንድሜ። ውሃው ይጥፋ፣ ግን ኤንኤዲፒኤች የሚባለውን ረዳት ሞለኪዩልም አብረህ አጥፍተሃል፣ ያለሱ ኢንዛይሙ አይሰራም፣ መድኃኒቱም የሚቀመጠው እሱን ተጠግቶ ነው፣ ስታነሳው በተፈጥሮ የሌለ ባዶ ቦታ ይከፈትና ሩቲን ስኳሩን እዛ ሊከት ይችላል። መልሰው፣ ከዛ ፋይሉ ውስጥ ከኢንዛይሙ ጋር ተያይዞ ያለውን ደብሊውአር99210 የሚባል ኢንዛይሙን የሚያግድ ሞለኪዩል አውጥተህ እንደገና ዶክ አድርገው፣ ከነበረበት በ2 አንግስትሮም (የአተም ርቀት መለኪያ) ውስጥ ካልገባ የሌላውንም ስኮር አትመነው።
መድኃኒቱን የተላመደውን የኢንዛይሙን ሚውታንት፣ 1ጄ3ኬንም ጨምር። 108ኛው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ሴሪን በአስፓራጂን ሲተካ ከፓይሪሜታሚን ክሎሪን ጋር ይጋጫል፣ ወባ መድኃኒቱን ከተላመደችባቸው መንገዶች ዋናው ይሄ ነው። ታይላንድ ባዮቴክ የሚባል የምርምር ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች ይሄንኑ ስትራክቸር አጥንተው ጎኑ የሚተጣጠፍ ፒ218 የሚባል ሞለኪዩል ዲዛይን አደረጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ፣ በኋላም በሰው ላይ ተሞከረ። ለኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ውበት ይሄ ነው፣ ግጭቱን በአይንህ አይተህ መላ መፈለግ።

ፋርማኮ፦
ልክ ብላለች። ዶኪንግ ወንፊት ነው፣ ያለፈው ሁሉ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃሊሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በኤአይ ያገኙት የኤምአይቲ ሰዎች እንኳን ሞዴላቸው ከ6,000 ገደማ ሞለኪዩል ወደ 100 መርጦላቸው ላብ ላይ ባክቴሪያውን ያስቆመው ግማሽ ያህሉ ነው። አንተም "ለላብ ሙከራ የተመረጠ" በል እንጂ "ይሻላል" አትበል፣ ቁጥሩን በአተም አካፍለህ ለአማካሪህ አሳየው፣ ሰንጠረዡን ሲያይ ይገባዋል።

ሊጋንድ21፦
ተባረኩ፣ ዛሬ ማታ ኤንኤዲፒኤችን መልሼ ራን አደርገዋለሁ። ሚውታንቱ ላይ ያንኑ ግሪድ ቦክስ (ዶኪንጉ የሚፈልግበትን ክልል) ልጠቀም?

ማሂ_ኬም፦
መጀመሪያ ሁለቱን ስትራክቸሮች ፓይሞል የሚባለው ሶፍትዌር ላይ አላይን አድርጋቸው (አንዱን በሌላው ላይ ግጠማቸው)፣ ከዛ ያው ቦክስ ይሆናል። የደብሊውአሩን ውጤት እዚህ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።