የድሮ አርችቶፕ ጊታር ምን ዓይነት ክር ይግባለት? ብሪጁስ ለምን ይንሸራተታል?

ባለ_ስድስት_ክር፦
ሰላም ሰዎች፣ አንድ የድሮ አርችቶፕ (ፊቱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ ጊታር) እጄ ገብቷል፣ የ1950ዎቹ ይመስለኛል ግን ውስጡ ያለው ወረቀት ስለተላጠ ማን እንደሠራው አላውቅም። የ«f» ፊደል ቅርጽ ያለው ኤፍ ቀዳዳ አለው፣ አንገቱ ጋ አንድ ማግኔት ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ አምፕ የሚልከው) አለ፣ ክሮቹ ዝገው ጣት ያጠቁራሉ። የታሰረበት ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ነው መሰለኝ፣ ጂ ክሩም (ከቀጭኑ ሦስተኛው) ሽቦ ያልተጠመጠመበት ዓይነት ነው፣ እሱ ደግሞ ባዶውን በትክክል ቃኝቼው 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው አግዳሚ ብረት) ላይ ስይዘው ድምፁ ሽቅብ ይወጣብኛል፣ ሌሎቹ ግን ደህና ናቸው። አክሽኑም (ክሮቹ ከፍሬቱ ያላቸው ከፍታ) ከፍ ብሏል፣ ከ5ኛ ፍሬት በላይ ባሬ ኮርድ መያዝ መከራ ነው። ሌላው ደግሞ ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚያርፉበት እንጨት) አልተጣበቀም፣ ስነካው ይንሸራተታል፣ ላጣብቀው እንዴ? አንዱ ፍላትዋውንድ (ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመበት ለስላሳ ክር) ግዛ ይለኛል አንዱ ብሮንዝ ይለኛል፣ ግራ ገባኝ። የምጫወተው ጃዝ ነገር ነው፣ አንዳንዴ በአምፕ አንዳንዴ ያለ አምፕ።

የድሮ_እንጨት፦
ኧረ በፈጠረህ እንዳታጣብቀው! አርችቶፕ ላይ ብሪጁን የሚይዘው የክሮቹ ግፊት ብቻ ነው፣ ቫዮሊንም እንደዚያው ነው። ክሮቹ ከቴይልፒሱ (ከታች በኩል ከሚታሰሩበት) ተነስተው ብሪጁ ላይ ሲታጠፉ ወደ ታች ይጫኑታል፣ ድምፁም የሚመጣው ከዚያ ግፊት ነው። ስለዚህ ክር ስትቀይር ሁሉንም ባንዴ አታውልቅ፣ አንድ በአንድ ቀይር፣ አለዚያ ብሪጁ ወድቆ የነበረበትን ቦታ ስትፈልግ ትውላለህ።

ክር ከመግዛትህ በፊት ግን ጊታሩ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል እይ። 12 ሴት (ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች የሆነ ሙሉ ክር) ተቃኝቶ ሲያልቅ በድምሩ ከ60 ኪሎ በላይ ይስባል፣ ይሄ ለድሮ እንጨት ቀላል አይደለም። የአንገቱ ጭንቅላት ላይ ትንሽ ክዳን ካለች ከሥሯ ትረስ ሮድ (አንገቱ ውስጥ ሆኖ ጉብጠቱን የሚያስተካክል ብረት) ሊኖር ይችላል፣ ጊታር ሠሪው ጊብሰን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያስገባ ነበር፣ በርካሽ የተሠሩት ብዙዎቹ ግን የሚስተካከል ሮድ የላቸውም። ከዚያ ፊቱን በጣትህ ጫፍ ቦታ እየቀያየርክ ቆርቆር አድርገው፣ የሆነ ቦታ ላይ የሚንኳኳ ወይ የሚንዘረዘር ድምፅ ከሰጠህ ውስጡ ያለው ማገር ተላቋል ማለት ነው፣ ያ ሳይጣበቅ ምንም ክር አትሰር። የስልክህን ካሜራ ኤፍ ቀዳዳው ላይ ደግነህ በመብራት ማየትም ትችላለህ።

የጂ ክሩን ነገር በተመለከተ ብሪጁን ከላይ እየው፣ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተቆረጠ ነው? የድሮዎቹ የሚቆረጡት ለተጠመጠመ ጂ ነው፣ ያልተጠመጠመ ስታስርበት ሽቅብ መውጣቱ አይቀርም። ጊታርህ ምንም አልሆነም፣ ክሩ ነው የእሱ ያልሆነው።

ሰማያዊ_ኖት፦
ፒካፑ ማግኔት ከሆነ ብሮንዝን እርሳው። የብሮንዙን ጥምጥም ማግኔቱ አያውቀውም፣ የሚሰማው መሃል ያለውን ብረት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያልተጠመጠሙት ሁለቱ ቀጫጭኖች ይጮሁና ወፍራሞቹ ሩቅ ይሆኑብሃል። እኔ ብሆን ፍላትዋውንድ 12 ነበር፣ የጃዝ ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ በአውራ ጣቱ ያወጣው የነበረው ክብ ድምፅ ያለ ፍላት አይመጣም፣ የጣት መንሸራተት ጩኸትም የለም።

ሪትም_ብቻ፦
@ሰማያዊ_ኖት በአምፕ ከሆነ እሺ፣ ሰውዬው ግን ያለ አምፕም እጫወታለሁ ብሏል እኮ። ፍላት ያለ አምፕ ታፍኖ ነው የሚቀረው። ጊታሪስቱ ፍሬዲ ግሪን ከ1937 ጀምሮ በካውንት ቤዚ የጃዝ ባንድ ውስጥ ያን ሁሉ ትራምፔትና ሳክስ አልፎ ይሰማ የነበረው ያለ አምፕ ነው፣ አክሽኑን ሰማይ አድርሶ፣ ክሩን አወፍሮ። እንደሱ ጣትህን አሰቃይ እያልኩ አይደለም ግን ንጹህ ኒኬል ራውንድ (ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት) ለሁለቱም ይሆናል፣ ፒካፑም ይሰማዋል እንጨቱም ይናገራል። ፍላት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አትይ፣ የቪየናው ክር ሠሪ የቶማስቲክ ፍላት ከብዙዎቹ ተመሳሳይ ቁጥር ፍላቶች ለስለስ ይላል።

ባለ_ስድስት_ክር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጭንቅላቱ ላይ ክዳን የለም፣ ሮድ የለውም ማለት ነው። ቆረቆርኩት፣ የሚንኳኳ የለም። ወፍራሙን ኢ 1ኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ ጫን አድርጌ መሃሉን ሳየው አንድ ቢዝነስ ካርድ ነው የሚያልፈው። 12ኛው ፍሬት ላይ አክሽኑ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ብሪጁ በእርግጥም ደረጃ ደረጃ ነው፣ ግራና ቀኝ የናስ ጥርስ ያላቸው ክብ ነገሮች አሉት። አንድ ነገር ረሳሁ፣ ክሮቹ ፒክጋርዱ (ፊቱን ከጭረት የሚጠብቀው ሳህን) አጠገብ ብቻ አረንጓዴ ዝገት አላቸው፣ ሌላው ቦታ ይሻላል፣ ይሄስ ምንድነው?

የድሮ_እንጨት፦
አንገቱ ደህና ነው እንግዲህ፣ ካርድ ማለፉ የሚፈለግ ጉብጠት ነው። ሮድ ስለሌለው ግን በ11 ኒኬል ጀምር፣ ጂው የተጠመጠመ መሆኑን ፓኬቱ ላይ አረጋግጥ። ጥቂት ሳምንት አቆይተህ ጉብጠቱን ድጋሚ ለካ፣ ካልጨመረ ያኔ 12 ሞክር።

አክሽኑን በነዚያ የናስ ክቦች ነው የምታወርደው፣ መጀመሪያ ክሮቹን ላላ አድርግ፣ በጉልበት ካዞርካቸው ጥርሱን ትበላዋለህ። ወፍራሙ ኢ ጋ 2.2 ቀጭኑ ጋ 1.7 ሚሊ አካባቢ ይበቃል፣ ከዚያ በታች ካወረድከው ግፊቱ ይቀንስና ድምፁም አብሮ ይሄዳል። የብሪጁ እግር ፊቱ ላይ ሙሉ ለሙሉ መቀመጡን እይ፣ ሥሩ ወረቀት የሚገባበት ክፍተት ካለ ድምፅ ይበላል፣ መፍትሔው ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራውን ወደ ላይ አድርጎ ፊቱ ላይ ማንጠፍና ብሪጁን እዚያው ቦታው ላይ ወዲያ ወዲህ ማሸት ነው፣ የፊቱ ቅርጽ እንጨቱ ላይ እስኪወጣ። ኢንቶኔሽኑ (ክሩ በየፍሬቱ ልክ ድምፅ መስጠቱ) መጨረሻ ነው፣ 12ኛው ላይ ሃርሞኒኩንና (ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ ስታደርገው የሚወጣውን ድምፅ) የተጫነውን ታስተያያለህ፣ የተጫነው ሽቅብ ከወጣ ብሪጁን ወደ ቴይልፒሱ፣ ቁልቁል ከሆነ ወደ አንገቱ፣ በጣም በትንሽ በትንሹ። ቃኝተህ ስትጨርስ ብሪጁን ከጎን እየው፣ ክር ሲወጠር ጫፉን ወደ አንገቱ እየጎተተ ያዘነብለዋል።

ሰማያዊ_ኖት፦
ጋሼ ነቱን (ክሮቹ ጭንቅላቱ ጋ የሚያልፉበትን ባለ ቦይ ቁራጭ) ረሱት 🙂 ቀጭን ክር የነበረበት ነት ላይ ወፍራም ስታስር ቦዩ ይጠበውና ክሩ ከላይ ይቀራል፣ ስትቃኝ ቋ እያለ ይዘላል። እርሳስ ቀባ ቀባ አድርግበት፣ እምቢ ካለ ባለሙያ በነት ፋይል ያስፋው፣ በመጋዝ እንዳትሞክር።

የድሮ_እንጨት፦
@ሰማያዊ_ኖት ልክ ብለሃል። አረንጓዴው ዝገት ደግሞ ከፒክጋርዱ ነው። የድሮዎቹ ከሴሉሎይድ ነው የሚሠሩት፣ ሲያረጅ አሲድነት ያለው ጋዝ ይለቅና አጠገቡ ያለውን ብረት ሁሉ ይበላል፣ ፒካፑንም ሊበላው ይችላል። አዲሱን ክር ሳታስር ፒክጋርዱን ፍታው፣ ከጊታሩ ጋር ኬዝ ውስጥ አትዝጋው፣ ለብቻው አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው።