ቪክቶሪያ ፏፏቴና ሳፋሪ በአንድ ጉዞ፦ እናቴን ይዤ በየትኛው ወር ልሂድ?

ሜሮን ከሚኒሶታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። እስከዛሬ ከአዲስ አበባ ርቃ የሄደችው ለንግሥ ብቻ ነው፤ ግሸን፣ ላሊበላ። አሁን ዝሆን በቅርብ ማየት አምሯታል። የእኔ ምኞት ደግሞ ዛምቢያና ዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው ቪክቶሪያ ፏፏቴ ነው። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ላገናኛቸው አስቤያለሁ። ከአዲስ አበባ አብረን ነው የምንበረው።

ፈቃድ የማገኘው ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ፣ በሐምሌ ወይም በጥቅምት ነው። አንድ ኤጀንት የላከልኝ ፕሮግራም ዚምባብዌ፣ ቦትስዋና (ቾቤ ፓርክ ሁለት ሌሊት)፣ ተመልሶ ዚምባብዌ፣ ከዚያ ዛምቢያ ይላል። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው የያዝኩት፣ እማዬ የኢትዮጵያ። ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ አይሆንላትም። ጾም ደግሞ አታፈርስም። ምን ትላላችሁ?

ባለሱቁ (ጆሃንስበርግ)፦

እህቴ፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ በዚምባብዌዋ ቡላዋዮ በኩል እየነዳሁ የምወስደው እዚያው ስለሆነ ትንሽ ላውራ።

መጀመሪያ ወሩን እንጨርስ። ፏፏቴውና አውሬው አይስማሙም። አንዱ ሲያምርበት ሌላው ይደበቃል። ዝናቡ የሚዘንበው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ግን የፏፏቴው ወንዝ፣ የዛምቤዚ ውሃ የሚመጣው ከላይ ከአንጎላና ከሰሜን ምዕራብ ዛምቢያ ነው፤ ሰፊ ረግረግ ሜዳ ላይ ተኝቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ፏፏቴው የሚሞላው ዝናቡ ካለቀ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ያኔ ከ1,700 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ውሃ ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ሲፈርጥ፣ የሚነሣው ጉም ፏፏቴውን ራሱን ይጋርደዋል። ከፊቱ ቆመሽ በስብሰሽ ምንም ሳታዪ ልትመለሺ ትችያለሽ። ሣሩም ረጅም ነው፤ ውሃ በየቦታው ስላለ ዝሆኑ ተበትኗል።

ጥቅምት ደግሞ ግልባጩ ነው። አውሬ በየኩሬው ይግተለተላል፤ ፏፏቴው ግን ይቀጥናል። በዛምቢያ በኩል አብዛኛው ደረቅ ገደል ሆኖ ይቆያል። ሙቀቱም እናታችንን ይጎዳቸዋል።

ሐምሌን ያዢ። ውሃው አሁንም ብዙ ነው፣ ግን ይታያል። ቁጥቋጦውም ሳስቷል።

አሁን ወደ ኤጀንቱ። ያ ፕሮግራም ሦስት አገር ያለው ለእናንተ ብሎ አይደለም፤ ካርታ ላይ ሲያዩት ስለሚያምር ነው። ካዛ ዩኒቪዛ የሚባል የ50 ዶላር ቪዛ አለ። ዛምቢያንና ዚምባብዌን ለ30 ቀን ያመላልሳል፤ በካዙንጉላ ድንበር በኩል ቾቤ ደርሶ በዚያው ቀን መመለስንም ይፈቅዳል። ቦትስዋና ካደርሽ ግን አበቃ፣ ስትመለሺ ሌላ ቪዛ ነው። ደግሞም ለሁሉም ፓስፖርት አይሰጥም። አንቺ መስኮቱ ጋ ከፍለሽ ስታልፊ እናትሽ ወንበር ላይ ሲጠብቁ አስቢው። የእሳቸውን ቪዛ ቲኬት ሳትቆርጪ ከኤምባሲ ጨርሺ። እኔን ካልሽኝ ድንበር አትሻገሩ። ዚምባብዌ ብቻ ይበቃችኋል።

ፋርማሲስቷ፦

የባለሱቁ ምክር ላይ አንድ ልጨምር። ከኢትዮጵያ ስለምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አይሮጥም። እማማ ከዚህ በፊት ካልተከተቡ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፤ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው የመጀመሪያው ክትባት በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። የወባ መከላከያ ክኒንም ለሁለታችሁም። የደም ግፊት መድኃኒት ካላቸው በእጅ ሻንጣ ይያዝ።

ካምፓላ ያለሁት፦

ለምን ያን ያህል ትርቃላችሁ? ኡጋንዳ መርቺሰን ፏፏቴ አለላችሁ እኮ። አባይ ራሱ (ነጩ) ሰባት ሜትር በምታህል ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ 43 ሜትር ይወርዳል። ጀልባው ከሚነሣበት ከፓራ ሽቅብ ሲወጣ ጉማሬው፣ አዞው፣ ዝሆኑ ግራና ቀኝ ነው። ፏፏቴውና ሳፋሪው አንድ ፓርክ ውስጥ ነው። እማማ ከወንበራቸው አይነሱም።

ባለሱቁ (ጆሃንስበርግ)፦

ካምፓላ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ለጉልበት ከሆነ የሱ ይሻላል። ግን ልጅቷ ቪክቶሪያን ነው ያለችው።

ሜሮን ከሚኒሶታ፦

እግዜር ይስጥልኝ! ኡጋንዳን ለሌላ ጊዜ እይዛታለሁ። ባለሱቁ፣ ቾቤ ከቀረ እማዬ ዝሆን የት ታያለች? ጾሙስ?

ባለሱቁ (ጆሃንስበርግ)፦

ሁዋንጌ። የዚምባብዌ ትልቁ ፓርክ ነው፣ ከፏፏቴው ከተማ ሁለት ሰዓት ቢነዳ ነው። ክረምት ከበጋ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከጉድጓድ ውሃ በፓምፕ እያወጡ ኩሬ ይሞላሉ፤ ዝሆኑም ወደዚያ ይመጣል። ለእናትሽ የምወደው ለዚህ ነው። ፊት ለፊቱ ኩሬ ያለው ሎጅ ምረጪ። በረንዳ ላይ ሻይ ይዘው ይቀመጡ፣ ጎሹም ቀጭኔውም ተራ ይዞ ይመጣል። ሜይን ካምፕ (የፓርኩ ዋና ካምፕ) አጠገብ ንያማንድሎቩ የሚባል ማማ አለ፤ እሱ ደረጃ ስላለው አንቺ ብቻሽን ውጪ። መኪናው ክፍት ነው፣ መንገዱም ያንገጫግጫል። ኋላ ሳይሆን ከሾፌሩ ጀርባ አስቀምጫቸው።

ሁዋንጌን አስቀድሙ፣ ፏፏቴውን መጨረሻ አድርጉት። አውሮፕላኑም ከዚያው ነው የሚነሣው። በዚምባብዌ በኩል ያለው የእግር መንገድ ሜዳ ነው፣ ሰፊውም የፏፏቴው ክፍል የሚታየው ከዚያ ነው። ጠዋት ግቡ፣ ቀስተ ደመናው ያኔ ነው። ማታ ከፏፏቴው በላይ በዛምቤዚ ላይ የጀልባ ሽርሽር አለ። የቀረባችሁን የቾቤ ጀልባ ይክሳል ማለት ነው። (ቾቤ ውስጥ ቦትስዋናና ናሚቢያ ሄግ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ድረስ የተካሰሱባት የዝሆን ደሴት አለች፤ በ1999 ለቦትስዋና ተፈረደ። እሷን ባለማየታችሁ ብቻ ትንሽ ይቆጨኛል።)

ለጾሙ፣ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሃሉ ሂዱ። ረቡዕና ዓርብ ሳድዛ በጎመን እዘዙላቸው። ሳድዛ ማለት የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ዘይት ይሁን ቅቤ ብቻ ቀድመሽ ጠይቂ።

አንድ የማይነግሩሽ ነገር፣ ሐምሌ እዚያ ብርዱ ነው። ንጋት ላይ በክፍት መኪና አጥንት ይሰብራል። ጋቢ ያዢላቸው። ዶላርም በዝርዝር ያዢ፣ አንድና አምስት። መልስ የሚባል ነገር የለም፣ የተቀደደም አይቀበሉም።

ሜሮን ከሚኒሶታ፦

ለኤጀንቱ አሁኑኑ ጻፍኩለት። ቦትስዋናና ዛምቢያ ይውጡ አልኩት። ዋጋውን ምን ያህል እንደሚቀንስ እናያለን። የኩሬ ፊት ሎጅ ስም የምታውቁ በውስጥ ላኩልኝ።