በኮሌጃችን የሙዚቃ ምሽቶች የትኛው ከየትኛው ይቅደም?

የጣና ዳር መምህር፦

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የማስተምር ስሆን፣ ከጥምቀት ማግስት እስከ ግንቦት መጨረሻ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪ ክፍት የሚሆኑ ስድስት የሙዚቃ ምሽቶችን እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። የታሰቡት የአዝማሪ ጨዋታ፣ በገና፣ ክራርና ዋሽንት፣ የአገው ሙዚቃ፣ ኢትዮ ጃዝ እና የተማሪዎቻችን ባንድ ናቸው።

ለጥያቄዬ መነሻ የሆነኝ ባለፈው ዓመት ያየሁት ነው። ሁሉንም በአንድ ምሽት አሰባስበን ነበርና ባንዱ ተጫውቶ እንደ ወረደ በገና ደርዳሪው አዛውንት ወጡ። ድምፅ ማጉያው በባንዱ ልክ ተስተካክሎ ስለ ነበር ይጮህ ጀመር፤ ታዳሚውም ልቡ ከጭፈራው ስላልተመለሰ ወሬውን አላቆመም። አባታችን ሁለት ጊዜ ክሮቹን ቃኝተው ጠበቁ፤ በሦስተኛው በገናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወረዱ። ነጠላውን በጥንቃቄ ሲያለብሱት የነበረው እጃቸው እስከ ዛሬ ይታየኛል። እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ምሽቶቹን በምን ቅደም ተከተልና በምን ዓይነት ቦታ ባዘጋጃቸው ይሻላል ትላላችሁ?

ድምፅ አስተካካዩ፦

መምህር፣ ጥፋቱ የማጉያው ብቻ አይመስለኝም። የበገና ድምፅ ነዘር ነዘር የሚለው ክሮቹ በሚያርፉበት እንጨት ላይ በሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች ምክንያት ነው፤ ያንን ንዝረት ከሩቅ የተቀመጠ ማይክሮፎን አይዘውም፣ ድምፁ ሲጨመርበት ደግሞ የአዳራሹን ጩኸት ሁሉ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዐሥሩን ክር ያለ ማጉያ ለመስማት ስድሳ ሰው የሚይዝ ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል፤ የንባብ ክፍላችሁ ከአዳራሹ ይሻላል።

ለዋሽንቱም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ክራር እንደገና ይቃኛል፤ ዋሽንት ግን ድምፁ በሸምበቆው ርዝመትና በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ስለሆነ፣ ነፊው ቁመታቸው የተለያየ በርከት ያሉ ዋሽንቶችን ይዞ ይመጣል። ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚጫወት ከሆነ ክራሩም ሆነ ኪቦርዱ እርሱን ይከተል እንጂ እርሱን «አስተካክል» አይበሉት። ይህ በልምምድ ቀን ካልተነገረ በመድረክ ላይ መጨቃጨቅ ይመጣል።

የፋሲካ ሰሞን፦

ቅደም ተከተሉን በአብዛኛው የቀን መቁጠሪያው ይወስንልዎታል። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎም የሦስት ቀኑ ጾመ ነነዌ አለ። አዝማሪውንና ባንዱን በዚያ መካከል ያድርጓቸው። የጾሙ 55 ቀናት የበገና ጊዜ ናቸው፤ በዚያ ወቅት በየቤቱ በገና ስለሚሰማ ታዳሚው በመንፈስ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ጭብጨባ እንደማያስፈልግ ግን አስቀድመው ይንገሩልን። ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ቀኑን አይተው ሰዓቱን ከአፍጥር ጋር እንዳይጋጭ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ከፋሲካ በኋላ ክራርና ዋሽንቱን፣ በሳምንቱም ኢትዮ ጃዝን ያስከትሉ። ሙላቱ አስታጥቄ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋሕዶ የሠራውን ሥራ ተማሪው በሚገባ የሚሰማው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን አስቀድሞ በክራር ለይቶ ሲያውቅ ነው። ሁለቱን ምሽቶች ማገናኘት ከሁሉም በላይ የምመክርዎ ነገር ነው።

የአዝማሪ ልጅ፦

በቤታችን ማሲንቆ ሲመታ ስላደግሁ ስለ አዝማሪው ልናገር። እባክዎ ከፍ ካለ መድረክ ላይ አይስቀሉት። የአዝማሪ ጨዋታ የሚደምቀው ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠውና እርሱም ያንን ተቀብሎ በዚያው ዜማ ሲመልስለት ነው፤ ፊቱን ካላየ፣ ሰውየው የለበሰውንና የተቀመጠበትን ካላየ በምን ይግጠም? ወንበሮቹን ክብ አድርገው ከመካከል ያስገቡት። የፈረስ ጭራዋ አንዲት ክርም ለዘፋኙ ድምፅ ቅርብ ስለሆነች በብዙ ማጉያ አትወደድም።

ከድምፅ አስተካካዩ ጋር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ስድሳ ሰው ብቻ ከገባ ከግሽ ዓባይም ከበላይ ዘለቀም ሰፈር የሚመጡት እናቶች ውጭ ይቀራሉ። በገናው ሁለት ምሽት በተከታታይ ይሁን። ለአገውም ዘፈኖቹን የሚያውቅ የቋንቋው ተናጋሪ ያቁሙና ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ትርጉሙን ይንገር፤ እስክስታውን ብቻ አይቶ የተመለሰ ታዳሚ ግማሹን አልሰማም።

የጣና ዳር መምህር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በገናውን በጾሙ አጋማሽ ሁለት ምሽት በንባብ ክፍሉ፣ አዝማሪውን ከጾሙ በፊት በግቢው ዋርካ ሥር ለማድረግ ወስኛለሁ። አባታችንን በስልክ መጥራት ስላልመሰለኝ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ ፈቃዳቸው ከሆነ ክፍሉን ራሳቸው መጥተው እንዲያዩት፣ የሚቀመጡበትንም ቦታ እንዲመርጡ እለምናቸዋለሁ።