የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ይረጥባል፤ ጥገናውን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ከኮተቤ ነዋሪ)

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮተቤ ውስጥ፣ ተዳፋት ላይ በተሠራ የብሎኬት ቤት ነው። ዓምና ሐምሌ ሲገባ በላይኛው ጎረቤት በኩል ያለው የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ረጠበ። ዘንድሮ ደግሞ እርጥበቱ ወገብ ደርሶ ቀለሙ ተላጠ፣ ልስኑ ሲነካ ይረግፋል፣ ከአልጋው ጀርባም ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። ትንሹ ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ያነጋገርኩት ባለሙያ ልስኑን አንሥቶ በሲሚንቶ ዳግም ሊለስንና ውኃ የማያሳልፍ ቀለም ሊቀባልኝ ሐሳብ አቅርቧል። ዓምና ያሠራነውም ይህንኑ ስለነበር፣ ገንዘቡን ደግሜ ከማውጣቴ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ (ከሲቪል መሐንዲስ)

እህቴ፣ ይህን ሥራ አሁን እንዳያስጀምሩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ግድግዳው ከውጭ ውኃ እየጠጣ ሳለ ከውስጥ በሲሚንቶና በቀለም ሲታፈን፣ ውኃው የሚተንበት አጥቶ በብሎኬቱ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል፤ የዓምናው ጉልበት ዘንድሮ ወገብ የሆነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

አስቀድመው ምንጩን ይለዩ። ማታ ቧንቧዎቹን ሁሉ፣ ወደ ሮቶው የሚያስገባውንም ጭምር ዘግተው የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ጠዋት ቁጥሩ ጨምሮ ካገኙት የሚያፈስ ቱቦ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ ክንድ ያህል ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ለሁለት ቀን ይተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ በስተውጭ ከታየ እርጥበቱ የክፍሉ አየር ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከታየ ግን ከግድግዳው የሚመጣ ነው። በመጨረሻም ዝናብ ሲጥል ዣንጥላ ይዘው ይውጡና ውኃው በየት መጥቶ የት እንደሚቆም በዓይንዎ ይመልከቱ፤ የውጩ መሬት ከቤቱ ወለል ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚልም ይለኩ።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። የቆጣሪው ቁጥር አልተለወጠም፤ ላስቲኩ የረጠበው ከጀርባው ነው። በዚያው ግድግዳ ውጭ አበባ የተከልንበት መደብ አለ፤ አፈሩን ስለካው ከወለላችን በ40 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦም ተሰብሮ ውኃውን እዚያው ማዕዘን ላይ ያፈሰዋል። ይህ ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር።

መልስ (ከግንበኛ)

እንግዲህ በሽታው ተገኝቷል። በጣሪያዎ ያንኛው ክንፍ 60 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት ቀን 1,800 ሊትር ውኃ በዚያ ማዕዘን ይወርዳል ማለት ነው፤ ይህም ባለ 200 ሊትር ዘጠኝ በርሜል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የወራጁን ቱቦ ጠግኖ ውኃውን ከቤቱ አርቆ መውሰድ ነው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ ርካሹም ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ መደቡ ይነሣ። የውጩ መሬት ከወለሉ ቢያንስ በ15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያም ከግድግዳው ሥር አንድ ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ንጣፍ፣ በሜትር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጎ ይሠራ።

ሦስተኛ፣ ከላይ በመሬት ውስጥ ሰርጎ የሚመጣውን ውኃ ለመያዝ፣ ከንጣፉ ባሻገር በተዳፋቱ በኩል ቦይ ይቆፈር። ቦዩ ከወለሉ ዝቅ ይበል እንጂ ከመሠረቱ ግርጌ በታች ፈጽሞ እንዳይወርድ፤ መሠረት ሥር መቆፈር ቤቱን ያሰጥማል። በቦዩ ውስጥ ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ይነጠፋል፤ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ የተበሳሳ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ በሜትር 1 ሳንቲ ሜትር እያዘነበለ ይቀመጣል፤ ጠጠር ይሞላበትና ጨርቁ ይታጠፍበታል። ጨርቁ ከቀረ ጭቃው በጥቂት ክረምት ቱቦውን ይደፍነዋል።

መልስ (ከሲኤምሲ ነዋሪ)

እኔ መውጫውን ሳላዘጋጅ ቦይ አስቆፍሬ፣ ውኃው ተጠራቅሞ ከቀድሞው የባሰ እርጥበት አመጣብኝ። መውጫው ከቦዩ ሁሉ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድም እንዳያስገቡት። ወደ መንገዱ የጎርፍ መውረጃ ለማገናኘት ወረዳውን አስቀድመው ይጠይቁ። እንደ እኛ ሠፈር ጥቁር አፈር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ንጣፉን በአፈሩ ላይ እንዲሁ አያፍስስ፤ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ንጣፉም አብሮት ይሰበራል። አፈሩን አንሥቶ በገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል።

መልስ (ከነርስ)

ልጁን እባክዎ ዛሬውኑ ከዚያ ክፍል ያውጡት፤ ሳሉ ከቀጠለም ሐኪም ይየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከሳልና ከአስም ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ሻጋታውን ሲጠርጉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ መስኮቱም ይከፈት።

ከጠያቂዋ

ልጁ ከእኛ ጋር ሳሎን መተኛት ጀምሯል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ከላይኛው ጎረቤት ግቢ በድጋፍ ግንቡ ቀዳዳዎች ውኃ ይወርዳል። ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ልድፈናቸው?

መልስ (ከሲቪል መሐንዲስ)

በፍጹም! እነዚያ ቀዳዳዎች ከግንቡ ጀርባ ውኃ እንዳይጠራቀም ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው፤ ቢደፈኑ የውኃው ግፊት ግንቡን ወደ እርስዎ ሊንደው ይችላል። ከግንቡ ሥር ክፍት ቦይ አሠርተው ውኃውን ተቀብለው ያሳልፉት። ጎረቤትዎን ቡና ጠርተው ቦታውን ያሳዩአቸው፤ ከጣሪያቸው የሚወርደውን እነሱ በቱቦ ቢመልሱት ለሁለታችሁም ይቀላል።

መልስ (ከግንበኛ)

የውጩ ሥራ በጥቅምት ይጀመር። በዚያው ሰሞን ከውስጥ ልስኑን፣ እርጥበቱ ከደረሰበት ግማሽ ሜትር ከፍ ብላችሁ አንሡ። የሚወጣውን ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውኃ አትጠቡት፤ ውኃው ጨዉን መልሶ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ግድግዳው ራቁቱን በጋውን አየር ይምታው፤ ወራት እንደሚፈጅ ዕወቁ። የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር የላስቲኩን ሙከራ ድገሙ፤ ከላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ካልታየ፣ ኖራ በተቀላቀለበት ልስን ለስናችሁ አየር የሚያሳልፍ ቀለም ቀቡት። ጤዛ ከታየ ግን ልስኑን አቆዩትና ቦዩን መልሳችሁ ፈትሹ።