አባቴን ለጉበት ንቅለ ተከላ ልወስድ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይበቃኛል?

ጠያቂ፣ ከሚኒሶታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጅማ ነው ያሉት። ጉበታቸው ስለደከመ ለንቅለ ተከላ ዴልሂ ልናስገባቸው ነው። የምትለግሳቸው ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ከዚህ ሄጄ አስታምማለሁ። ልጆች ጥዬ የምሄድ እናት ነኝ፤ ከሥራ ያገኘሁት ፈቃድም ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ይበቃኛል?

መልስ፦
እህቴ፣ ፈጣሪ ይማርልሽ። አይበቃም። እኔም የጅማ፣ የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አጎቴን እዚያው ሕንድ አስታምሜያለሁ። ጅማ ያለው ዘመድ «ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ» ሲባል እልል ይላል። የሐኪሞቹ ጭንቀት ግን ገና መጀመሩ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም መፍሰስ ያሰጋል። አዲሱ ጉበት ሥራ አልጀምር ሊልም ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን ወደ ጉበቱ የሚገባው ደም ቅዳ ቧንቧ (አርተሪ) በረጋ ደም ሲደፈን ነው። የሐሞት ቱቦዎች የሚመገቡት ከዚያ ቧንቧ ነው፤ ሲዘጋ ይሞታሉ፣ አንዳንዴም ሌላ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው አልጋው ድረስ እየመጡ የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ደጋግመው የሚያዩት። «ገንዘብ ለመብላት ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ አትስሚው።

ከቤተሰብ በተለገሰ ጉበት ላይ የሐሞት መፍሰስ ወይም የቱቦ መጥበብ ይበዛል፤ የሚገጣጠሙት ቱቦዎች ቀጫጭን ናቸው።

ሪጀክሽን (ሰውነት አዲሱን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው) መጣ ከተባልሽ ወደ ጅማ ለመደወል አትቸኩይ። ያን ዕለት ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ግን ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስቴሮይድ ወይም መድኃኒት በመጨመር ይመለሳል። ታማሚው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ የሚያሳብቀው የደም ምርመራ ነው።

ሪጀክሽንን ለመከላከል የሚዋጠው ታክሮሊመስ በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚለካው የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ውጠው ከሄዱ ውጤቱ ያሳስታል። ሲበዛ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊትና ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያቃዠዋል። አጎቴ ሌሊት ሲቀባጥሩ ሚስታቸው ቁርአን ይቀራላቸው ብለው አለቀሱ። መጠኑ ሲቀነስ ተረጋጉ።

ትኩሳት ላይ ግን ቀልድ የለም። እኛ ጋ ትኩሳት ወይ ወባ ነው ወይ ምች፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ያልፋል። ከንቅለ ተከላ በኋላ ግን 38 ዲግሪ ካሳየ በዚያው ሰዓት ለሆስፒታሉ ይደወላል፣ ሌሊትም ቢሆን። ስቴሮይዱ ትኩሳትን ስለሚደብቅ፣ ብርድ ብርድ ማለትና መዛልም ለመደወል ይበቃል። ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከቦርሳችሁ ይውጡ፤ ለኩላሊታቸው መጥፎ ናቸው። ከአገር ቤት የሚላክ ቅጠላ ቅጠል፣ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትም ይቅር። ድሮ ቲቢ ታመው ከነበረ አስቀድመሽ ተናገሪ። ተኝቶ የቆየ ቲቢ ሊነሣ ይችላል፤ ለሕክምናው የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ታክሮሊመስን ከደም ውስጥ ያወርደዋል።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር አቅራቢያው እንድትቆዩ ይፈልጋሉ። ሊፍት ያለው ቤት ተከራዩ። የመመለሻ ቲኬት አሁን አትቁረጪ።

ሌላ መልስ፦
እኔ ለወንድሜ የለገስኩ ነኝ። እህትሽን እንዳትረሷት። ሁሉም አባትሽን ሲጠይቅ እሷም የተቀደደች ሰው ናት። ለጋሽ ላይም ሐሞት ሊፈስ፣ ደም ሊረጋ፣ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል። ጉበቷ በወራት ውስጥ ያድጋል፤ ድካሙ ግን ቶሎ አይለቅም፣ ከባድ ነገርም አታንሣ። ለሁለቱም አንድ አስታማሚ አይበቃም። የዝምድና ማስረጃችሁንም ከወዲሁ ጨርሱ፤ የኤምባሲ ማረጋገጫ ሳይኖር ልገሳውን የሚፈቅደው የሕንድ ኮሚቴ አያጸድቅም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ጅማ ሱቅ አለው፤ ዘግቶ ይምጣ እንግዲህ። መጀመሪያ እሱ ይግባ፣ እኔ እሱ ሲደክም ልተካው። ሆስፒታሉ አጠገብ የሚያከራይ አበሻ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።