በሥዕል የተጻፈ ኖታ ሲጫወቱት ደራሲው ማን ነው? (ክርክር)

አወያይ፦ ጥያቄው የተነሣው ከራሳችን ቡድን ነው። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ኮርኔሊየስ ካርዲው ከ1963 እስከ 1967 ድረስ ካዘጋጀው «ትሪቲዝ» ከተባለው ባለ 193 ገጽ ሥራ ጥቂት ገጾችን ለመጫወት እየተለማመድን ሳለ፣ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «ድርሰት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የማን ስም ይታተም በሚለው ላይ መስማማት አቃተን። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራውን ላላያችሁት፣ ገጾቹ ላይ ክቦች፣ አራት ማዕዘኖች፣ አልፎ አልፎም ቁጥሮችና ቅርጻቸው የተዛባ የኖታ ምልክቶች ይታያሉ፤ በመካከል አንድ ወፍራም መስመር ከገጽ ወደ ገጽ ይዘልቃል፤ በየገጹ ግርጌ ደግሞ ምንም ያልተጻፈባቸው ሁለት ባለ አምስት መስመር የኖታ ረድፎች ተዘርግተዋል። ክቡ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደሚጫወቱት ወይም ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ የሚናገር መመሪያ ግን የለም። እንግዲህ ከዚህ ወረቀት የወጣው ሙዚቃ የማን ነው?

ፒያኒስቱ፦ የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ካርዲው ግሩም ሥዕል ሥሏል፣ ሙዚቃውን ግን አልደረሰም። ይህን የምለው ሥዕላዊ ኖታን ሁሉ በመጥላት አይደለም። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሞርተን ፌልድማን በ1950 ቼሎ ለተባለው ባለ ክር መሣሪያ የጻፈውን «ፕሮጀክሽን 1» ተመልከቱ፤ በሣጥኖች የተጻፈ ነው፤ ሣጥኑ ከላይ ከሆነ ከፍተኛ፣ ከመካከል ከሆነ መካከለኛ፣ ከታች ከሆነ ዝቅተኛ ድምፅ ይመረጣል፤ የሣጥኑ ርዝመት ጊዜን ይወስናል፤ በቀስት ይሳብ ወይስ በጣት ይነካ የሚለውም ተለይቶ ተጽፏል። ቼሎ ተጫዋቹ የሚመርጠው የትኛውን ድምፅ የሚለውን ብቻ ስለሆነ ፌልድማንን ደራሲ ብሎ መጥራት አያከራክርም። በ«ትሪቲዝ» ግን አንዱን ገጽ እኔ በፒያኖ፣ ሌላው በከበሮ ብንጫወተው በሁለቱ መካከል ጆሮ የሚለየው አንድም የጋራ ነገር ላይኖር ይችላል። ሥዕል አይቶ ግጥም የጻፈ ገጣሚ «ግጥሙን የደረሰው ሠዓሊው ነው» ብሎ አያሳትምም።

ቫዮሊን ተጫዋቿ፦ ወንድማችን «መመሪያ የለም» ከሚለው ተነሥተው «ግዴታ የለም» ወደሚለው መዝለላቸው ስሕተት ይመስለኛል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የልምምድ ምሽቶች መሣሪያ ያነሣ ሰው እንዳልነበረ ያስታውሳሉ፤ የተከራከርነው በዚያ በመካከለኛው መስመር ላይ ነበር። አንዳችን ዝምታ ነው አልን፣ ሌላው የጊዜ ጉዞ ነው አለ፣ ከዚያም ሁላችንም የምናውቀው አንድ የተያዘ ዝቅተኛ ድምፅ ይሁን ብለን ተስማማን። ከተስማማን በኋላ ግን እንደ ፈለግን መሆን አልቻልንም። መስመሩን የነካ ክብ ከመስመሩ ርቆ ከተንጠለጠለው ክብ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ሊሆን አይችልም፤ መስመሩ በተቋረጠበት ቦታ ዝቅተኛውን ድምፅ የያዘው ሰው መተው አለበት፤ ክቡ በሚቀጥለው ገጽ ገዝፎ ሲመጣም ያው ውሳኔያችን አብሮ መግዘፍ አለበት። እርስዎ ራስዎ ባለፈው ሳምንት አንዲቷን ጥቁር ክብ ዘለሏት፤ ስድስታችንም ወዲያው ቀና ብለን አየንዎት። ወረቀቱ የሚያዘው ነገር ባይኖር ኖሮ ዘለሉ ብለን ልናይዎት ባልቻልን ነበር።

የድጓ ተማሪ የነበረው፦ ለዚህ ክርክር ከቤታችን የሚቀርብ ነገር አለ። በድጓ ላይ ከግእዙ ቃል በላይ የሚጻፈው የዜማ ምልክት፣ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ጭረቱ፣ በነጠብጣብ የሚጻፈው ርክርክ፣ የድምፁን ከፍታ በልክ አይናገርም። ምልክቱን ብቻ ይዞ ከመምህር ያልተማረ ሰው አንዲት ሐረግ እንኳ ማዜም አይችልም። ከዚህም በላይ ቆማና አጫብር በሚባሉት የዜማ ስልቶች አዜያዜሙ የተለያየ ነው። ሆኖም ማንም መሪጌታ «ይህ የእኔ ድርሰት ነው» አይልም፤ ሁሉም የያሬድ ዜማ ይለዋል። ስለዚህ ምልክቱ ብዙ ነገር ስላልነገረን ብቻ ደራሲነት ከባለቤቱ ይወጣል ማለት አይቻልም።

ፒያኒስቱ፦ ክቧን ስለ መዝለሌ ጥፋቱን እቀበላለሁ። የድጓውን ምሳሌ ግን አልቀበልም፤ ምክንያቱም የዜማ ምልክት የሚያስታውሰው ከምልክቱ በፊት የነበረ፣ በመምህሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለ ዜማ ነው። ርክርክ የሚለው «ያን የተማርከውን አስታውስ» ነው። ካርዲው ግን ከመምህር የሚወረስ ነገር እንዳይኖር ሆን ብሎ ነው ሥራውን የሠራው። የቤተ ክርስቲያኑ ምልክት የዕውቀት ጥላ ነው፤ «ትሪቲዝ» ከኋላው ምንም የሌለ ጥላ ነው።

የድጓ ተማሪ የነበረው፦ ይህ ልዩነት ትክክል ነው። ምሳሌዬን ወደ ቅኔ ቤት ባዛውረው ይሻል ነበር፤ ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (መስመር)፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑ አስቀድሞ የተወሰነ ሲሆን ቃሉና ምሥጢሩ ግን በየጊዜው አዲስ ነው። በዚያም ቅኔው የባለቅኔው ነው እንጂ መልኩን የፈጠረው ሰው ሀብት አይደለም። ይህ እንግዲህ ወደ እርስዎ ወገን ያደላል።

ሳክስፎን ተጫዋቹ፦ እስካሁን ማንም ያላነሣው ነገር ስም የመሰየም ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ሙዚቀኛና ተመራማሪ ጆርጅ ሉዊስ በ1996 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1950 ወዲህ የአውሮፓና የአሜሪካ የሙከራ ሙዚቃ ደራሲዎች ቅጽበታዊ ፈጠራን (ኢምፕሮቫይዜሽንን) ወደ ሥራቸው ሲያስገቡ፣ ያንኑ ጥበብ ለብዙ ዓመታት ያሳደጉትን ጥቁር የጃዝ ሙዚቀኞች እንዴት ከታሪኩ እንዳስወጧቸው አሳይቷል። ከእነዚህ የሙከራ ሙዚቃ ደራሲዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ጆን ኬጅ ኢምፕሮቫይዜሽንን አይወድም ነበር፤ ተጫዋቹ ወደ ልማዱና ወደሚወደው ነገር ይመለሳል በሚል። ፌልድማንም የሣጥን ኖታውን በኋላ የተወው ድምፁን ነጻ ላወጣ ብዬ ተጫዋቹን ነጻ አወጣሁ በሚል ቅሬታ ነው። ልብ በሉ፣ የተጫዋቹ ነጻነት እንደ ጉድለት ነው የተቆጠረው! በሌላው ወገን አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ጆን ዞርን በ1984 ያዘጋጀውን፣ እንደ ጨዋታ በደንብ የሚመራውን «ኮብራ» ተመልከቱ። አንድም ድምፅ አልተጻፈበትም። ተጫዋቹ አፍንጫውን ወይም ጆሮውን በእጁ እየነካ፣ ጣቶቹንም እያሳየ የሚፈልገውን ለውጥ ይጠይቃል፤ አስተባባሪው ከጠያቂዎቹ አንዱን መርጦ የተጠየቀውን ለውጥ የሚያመለክተውን ካርድ ከፍ ያደርጋል፤ ካርዱ ሲወርድ ሁሉም በአንድነት ይለወጣል። ዞርን የደረሰው ድምፅን አይደለም፤ ማን መቼ ማንን ሊያቋርጥ እንደሚችል የሚወስን ደንብን ነው። ይህም ድርሰት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ የወጣውን ድምፅ የፈጠሩት ተጫዋቾቹ ስለሆኑ ስማቸው ከስሙ ጎን እንጂ በትንንሽ ፊደል ከግርጌ ሊጻፍ አይገባም። ካርዲው ራሱ ይህን የተረዳ ይመስለኛል፤ «ትሪቲዝ»ን ሳይጨርስ በ1966 ኤኤምኤም ከተባለው ያለ ኖታ ከሚጫወተው የለንደን ቡድን ጋር ተቀላቅሏል።

ቫዮሊን ተጫዋቿ፦ በዚህ እስማማለሁ። ደራሲው ያሰረን ከድምፅ ጋር ሳይሆን እርስ በርሳችን ነው። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም፣ ሙሉው ሥራ ግን አይደለም።

አወያይ፦ እንግዲያው በወረቀቱ ላይ «ገጾቹ፦ ኮርኔሊየስ ካርዲው፤ ንባቡና ድምፁ፦» ተብሎ የሰባቱም ተጫዋቾች ስም በእኩል ፊደል እንዲታተም ሐሳብ አቀርባለሁ።

ፒያኒስቱ፦ በአንድ ቅድመ ሁኔታ እቀበላለሁ። በልምምድ የተስማማንባቸው አሥራ አንድ ደንቦች አብረው ይታተሙ። አድማጩ ውላችንን ካላወቀ፣ ስንሳሳትና ስንፈጥር መለየት አይችልም።

ቫዮሊን ተጫዋቿ፦ ከአሥራ አንዱ ሁለቱን ትናንት ማታ አብረን አፍርሰናል። ሦስተኛውን ደንብ ያፈረሱት እርስዎ ነዎት፤ የተሻለውም ያ ገጽ ነበር። የትኛውን ዝርዝር ነው የምናሳትመው?